ለሊጤ የመረጥኩት ፓምፕ

እህቶቼ፣ ሰሞኑን "የሊጥ ማቀዝቀዣሽ ፓምፕ የቱ ነው? ስንት ዋት ነው? ከየት ገዛሽው?" እያላችሁ ያልጠየቃችሁኝ የለችም። ለእያንዳንዳችሁ በድምፅ መልእክት ስመልስ ድምፄ ሊዘጋ ደረሰ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት ብዬ ነው። ግን የፓምፑን ስም ብቻ ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም፤ ለኔ ቤት የሆነው ላንቺ ቤት ላይሆን ይችላል። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን አቃጥዬ፣ ከሀገር ልባረርበት ደርሼ ነው የተማርኩት። ከነስህተቴ ልንገራችሁ።

ያኔ ጂዳ ነበርኩ፤ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ። የማድረው ሰጥህ ላይ፣ ጣራው ላይ ባለችው ክፍል ነው። ብዙዎቻችሁ ያቺን ዓይነት ክፍል ታውቋታላችሁ፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከጎን የሙከይፉ ትኩስ ትንፋሽ፣ አጠገቧ የውኃ ታንከር። የጂዳን ሙቀት ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2010 ጂዳ ላይ 52 ዲግሪ ተመዝግቦ ነበር። በየዓመቱ እንደዚያ ባይሆንም፣ ሙቀቱ ሲብስ የቧንቧው ውኃ ራሱ ያቃጥላል። ቤተሰቡ የሻወሩን ማሞቂያ አጥፍቶ፣ ማሞቂያው ውስጥ ያደረውን ውኃ "ቀዝቃዛው ይሻላል" ብሎ ይታጠብበታል። ማሞቂያው ማቀዝቀዣ የሆነበት ሀገር!

እኔ የደሴ ዙሪያ ልጅ ነኝ፣ የኩታበር። እናቴ ሊጥ ስታቦካ ሦስት ቀን ትጠብቃለች። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሊጡ ቀስ ብሎ ይቦካል፣ ቢጫው ውኃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እሱ ተቀንሶ አብሲት ተጥሎ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ጂዳ ላይ ማታ ያቦካሁት ሊጥ ጠዋት ከባልዲው ገንፍሎ ወለሉ ላይ አገኘዋለሁ። የተረፈውም እንደ ኮምጣጤ ይመራል። አብሲት ብጥልበትም አይነሳም፤ የሚነሳበትን ሁሉ ሌሊቱን በልቶ ጨርሶታል። እንጀራው ዓይን የለው፣ ሲነሳ ይሰበራል፣ ታቹ ይጠቁራል። ሁለት ቀን ያልሞላው ሊጥ ስንቴ ሽንት ቤት ደፋሁ መሰላችሁ። በዱቄቱ ዋጋ ሳይሆን በድካሙ አለቀስኩ።

"ፍሪጅ አስገቢው" የምትል አትጠፋም። አስገብቼዋለሁ። መጀመሪያ ነገር ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ መቦካቱን ያስቆመዋል እንጂ አያስተካክለውም። ሁለተኛ፣ ባለ 20 ሊትር ባልዲ የት ይገባል? ሦስተኛ፣ ማዳም ሽታውን አልወደደችውም። ቤቱ የሷ ነው፣ ምን ላርግ።

እንደ እናቴ ጋን እርጥብ ጨርቅ አልብሼም ሞከርኩ። ጨርቁ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ሸተተ እንጂ ሊጡ አልበረደም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከዚያ ባልዲውን ትልቅ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ፣ ውኃ ሞልቼ፣ ፈሪዘር ያደሩ የውኃ ጠርሙሶች ከተትኩበት። ይሄ ይሠራል። የምታቦኪው አምስት ሊትር ብቻ ከሆነ እዚሁ ላይ ንባብሽን አቁሚ፤ ፓምፕ አያስፈልግሽም፣ ሳፋና አራት ጠርሙስ ይበቃሻል። ለኔ ግን አልበቃኝም። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ ከታች ወደ ላይ እየሮጥኩ ጠርሙስ መቀየር አልችልም። በረዶው ትኩስ ሳለ ሊጡ በጣም ይቀዘቅዛል፣ ሲቀልጥ እንደገና ይግላል።

የረዳኝ አንድ ቪዲዮ ነው። አንድ ፈረንጅ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ። ቋንቋውን እንኳን በደንብ አልሰማሁትም፤ እጁን ነው ያየሁት። የሱም ችግር የኔው ነው፤ እርሾ ሲሠራ ራሱ ይሞቃል፣ ቤቱም ሲሞቅ መጠጡ ይበላሽበታል። ሰውየው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ውኃና በረዶ አድርጎ፣ ትንሽ ፓምፕ አስጥሞ፣ ቀዝቃዛውን ውኃ በቀጭን ጎማ እየላከ በጋኑ ዙሪያ ያዞረዋል። ውኃው ዞሮ ዞሮ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። "ይሄማ ለሊጥ ይሆናል!" አልኩ ብቻዬን። ከዚያ ደግሞ ቶሎ ብዬ ቪዲዮውን ከስልኬ አጠፋሁት። የት ሀገር እንዳለሁ አውቃለሁ። እስላም ነኝ፤ ቢራ እኔም አልቀርበውም፤ ግን ስልኬን የሚያይ ሰው ልቤን አያይም።

ዕቃውን ቀስ በቀስ ሰበሰብኩ። ልጆቹ ለባሕር የሚይዙት የበረዶ ሳጥን አሮጌው ተጥሎ ነበር፣ ለመንኳቸውና ሰጡኝ። ስድስት ሜትር የሚያሳይ ጎማ ከአቡ ሪያለይን ሱቅ ተገዛልኝ። ጎማውን ባልዲው ላይ ከውጭ ጠምጥሜ በፕላስተር አሠርኩት፣ ከላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ አለበስኩት። ልብ በሉ፣ ከውጭ ነው ያልኩት። ቪዲዮው ላይ የመዳብ ቱቦ ውስጥ የሚነክሩ አሉ፤ ሊጥ ኮምጣጣ ነው፣ መዳብ ይበላል፣ ያ ደግሞ ሆድ ውስጥ ይገባል። የቀረኝ ፓምፑ ብቻ ነበር።

ፓምፑን ሾፌሩ ዓሚ ከሐራጅ አሮጌ ዕቃ በ15 ሪያል አመጣልኝ። ዓሚ የምንለው ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፣ እንደ አጎት የሚያስብልኝ። ጽሑፉ የጠፋ፣ ከባድ፣ ጠንካራ ፓምፕ ነበር። ደስ አለኝ። ከባድ ከሆነ ጥሩ ነው ብዬ።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ መርዶ መጣ። ከባቲ የመጣች፣ እንደ ታናሽ እህቴ የማያት ልጅ እናቷ አርፈው ነበር። ለአራት ዓመት አላየቻቸውም። መግቢያ መውጫዋ በሰው እጅ ነው፤ መሄድ አትችልም። ዓርብ ከንደራ ባለችው የጓደኞቻችን ክፍል ተሰብስበን ዱዓ እናድርግላት፣ ሰደቃ እናውጣላት ተባባልን። አንዷ ሥጋ፣ አንዷ ሩዝ፣ አንዷ ቡና ያዘች። እንጀራው በኔ ላይ ወደቀ፤ 40 እንጀራ። ሀገር ቤት ለቅሶ ያለ እንጀራ አይታሰብም። ሌሊቱን አቦካሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ፓምፑን ሳጥኑ ውስጥ አስጥሜ ሶኬት ላይ ሰካሁት። አንድ ጊዜ ጮኸ። ሽታ መጣ፣ ጭስ መጣ፣ የሰጥህ መብራት ጠፋ።

ምክንያቱን ኋላ ዓሚ ነገረኝ። የድሮ የሳዑዲ ቤቶች ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አላቸው፣ ሰዎቹ "110" እና "220" የሚሉት። ፓምፑ የ110 ነበር፣ እኔ የሰካሁት 220 ላይ። እጥፍ ጉልበት ነው የሰጠሁት። እጄ ውኃው ውስጥ አለመሆኑ የአላህ ጥበቃ ነው።

መብራቱ ሲጠፋ ማዳም ወጣች። ያየችውን በሷ ዓይን እዩልኝ፤ ጨለማ ክፍል፣ ጭስ፣ በጎማ የተጠመጠመ ባልዲ፣ ውስጡ የሚንተከተክ ነገር፣ ሽታው ኮምጣጣ። "ኤሽ ሃዳ?" አለች፤ ይሄ ምንድን ነው? ደነገጥኩ። "ዐጂን ነው፣ ሊጥ ነው" ማለት ስችል፣ "ቦክቷል" ልላት ፈልጌ "ሃዳ ኸምር" አልኳት።

እህቶቼ፣ ይህን ቃል ያዙ። በዐረብኛ እርሾ "ኸሚራ" ነው። "ኸምር" ግን መጠጥ ነው፣ አስካሪ። ሥራቸው አንድ ነው፣ ሲጠሩ ልዩነታቸው የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። በዚያች ትንፋሽ ግን ሰው ተርሂል ይገባል። ማዳም ፊቷ ነጣ። ስልኳን አወጣች። "ላ፣ ላ፣ ኸሚራ! ኹብዝ!" እያልኩ እጮሃለሁ፣ ግን በተደናገጠ ሰው ጆሮ አንዴ የገባ ቃል አይወጣም።

ያዳነችኝ ሐጃ ናት፣ የባባ እናት። ጫጫታውን ሰምታ በጉልበቷ ደረጃውን ወጣች። የጂዛን ሰው ናት፣ ከደቡብ። ማንንም ሳትጠይቅ ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነከረችና ቀመሰች። ከዚያ ሳቀች። "ሃዳ ለሑሕ!" አለች። ለሑሕ ማለት በጂዛንና በየመን የሚበላ፣ እንደኛ እንጀራ ዓይን ያለው፣ ከቦካ ሊጥ የሚጋገር ቂጣ ነው። እናቷ በልጅነቷ ትጋግርላት እንደነበር ለማዳም ነገረቻት። ማዳም ስልኩን መለሰች። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

ሊጡ እስከ ዓርብ አይጠብቀኝም። ያን ሌሊት ተንቀጥቅጬም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ ጠርሙስ ቀየርኩ። ሐሙስ ጠዋት ለዓሚ፣ "ዛሬ ሱቅ ስትሄድ ፓምፕ ፈልግልኝ፤ ግን እኔ ሳላይ አትግዛ" አልኩት። ከሱቁ ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔ ሳህን እያጠብኩ የተጻፈውን አነባለሁ። ለኩታበር ለወንድሜ ልጅም ላክሁለት፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። "አክስቴ፣ ጽሑፉ ላይ አራት ነገር እይ" አለኝ። እነሱን አራቱን ልስጣችሁ።

መጀመሪያ ቮልቱ። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቮልት ከሶኬትሽ ጋር አንድ መሆን አለበት። ጽሑፉ የጠፋ ፓምፕ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ከተገኘ ባለ 12 ቮልት፣ ከነአዳፕተሩ የሚሸጠውን ውሰጂ፤ ውኃው ውስጥ የሚገባው ገመድ ሰው የሚገድል ጉልበት አይኖረውም።

ሁለተኛ ከፍታው። "1 ሜትር" የሚል ይጻፍበታል። ብዙ ሰው እስከ አንድ ሜትር በደንብ ይገፋል ማለት ይመስለዋል። አይደለም። አንድ ሜትር ላይ ውኃው ቆሟል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ጠብ አይልም። ስለዚህ ከሳጥኑ ውኃ እስከ ጎማው ጫፍ ያለውን ለኪና እጥፉን ግዢ። የኔ 50 ሳንቲሜትር ስለሆነ ባለ አንድ ሜትሩ በቃኝ። ሳጥኑን ከባልዲው ጋር እኩል ብታስቀምጪው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይበቃል።

ሦስተኛ በሰዓት የሚያፈሰው ሊትር። ካርቶኑ ላይ 400 ሊትር ይላል፤ ያ ግን ያለ ጎማ ነው። ስድስት ሜትር ቀጭን ጎማ ሲጨመርበት በጣም ይቀንሳል። እኔ በሊትር ጠርሙስና በስልኬ ሰዓት ለካሁት፤ በደቂቃ አንድ ሊትር ገደማ። አዘንኩ። የወንድሜ ልጅ ግን "ይበቃሻል" አለኝ። በደቂቃ አንድ ሊትር ውኃ ባልዲውን ዞሮ ሁለት ዲግሪ ብቻ ሞቆ ቢመለስ፣ 140 ዋት ያህል ሙቀት ይዞ ወጣ ማለት ነው። ሊጥ ወፍራም ነው፤ ቅዝቃዜው ወደ መሐሉ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ውኃውን ብታጣድፊው ሊጡ አይጣደፍም። ይልቅ ጠዋትና ማታ አንዴ አማስዪው።

አራተኛውና ዋናው ዋቱ ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። ዓሚ የሁለት ፓምፖች ፎቶ ላከ። አንዱ "ገጣስ" የሚባለው፣ የበረሃ ሙከይፍ ውስጥ የሚጠልቀው፣ 40 ዋት። ሌላው የዓሣ ገንዳ ፓምፕ፣ ከቡጢ ያነሰ፣ 5 ዋት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ባለሱቁ "ትልቁን ውሰድ፣ በዚሁ ዋጋ" ይለዋል። ዓሚም "ልጄ፣ ትልቁ ይሻላል" አለኝ። እኔም ልል ነበር።

የወንድሜ ልጅ ግን እንዲህ አለ፦ ውኃ ውስጥ የጠለቀ ፓምፕ የሚበላው ኤሌክትሪክ በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው፣ እዚያው ውኃ ውስጥ። በሌላ አነጋገር ፓምፑ ራሱ ትንሽ ማሞቂያ ነው። 40 ዋቱ ቀንና ሌሊት ከሠራ በ24 ሰዓት 10 ኪሎ ያህል በረዶ ለብቻው ያቀልጣል። 5 ዋቱ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ። እኔ በቀን ማቀዝቀዝ የምችለው ስምንት ባለ ሊትር ተኩል ጠርሙስ፣ 12 ኪሎ በረዶ ነው። ትልቁን ብገዛ ኖሮ በረዶዬን ፓምፑ በልቶት፣ ለሊጡ ሁለት ኪሎ ይተርፈው ነበር። 20 ሊትር ሊጥ ከ36 ዲግሪ ወደ 25 ለማውረድ ብቻ ሁለት ኪሎ ተኩል በረዶ ይፈልጋል፤ ከውጭ የሚገባው ሙቀት ሳይታሰብ።

"ትንሹን" አልኩ። ባለሱቁ ሳቀብን አሉ። ይሳቅ። ከስድስት ዓመት በኋላ ራሴ አመዛዝኜ የመረጥኩት የመጀመሪያ ዕቃ እሱ ነበር። የምበላውን፣ የምተኛበትን ሰዓት፣ ሳሙናዬን ሳይቀር ሰው ነው የሚመርጥልኝ። ስለዚህ በዚያች በእጅ በምትያዝ ፕላስቲክ ብኮራ አትፍረዱብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ገጠምኩት። ምንም ድምፅ የለውም፣ እጅሽን ስታስጠጊው ብቻ ይንዘፈዘፋል። ማታ ባልዲው ላይ የለጠፍኩት የሙቀት መለኪያ 26 አለ። ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ስከፍተው ቢጫው ውኃ ከላይ ረግቶ ተቀምጧል፣ እንደ እናቴ ቤት። ቀነስኩት፣ አብሲት ሠራሁ፣ ጣልኩ፣ ኩፍ አለ። ሐጃ ምጣዱ አጠገብ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋን እንጀራ በማር በላቻት።

ከንደራ ስንደርስ ልጅቷ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም አልቀመሰችም ተባለ። ዱዓው ተደረገ፣ ሰደቃው ቀረበ። አንድ እንጀራ ግማሹን ቀድጄ ፊቷ አደረግኩላት። አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ ዓይኑን አየች። "አብሲት ጥለሽበታል?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። "እዚህ ሀገር አብሲት የሚጥል የለም" አለችና መብላት ጀመረች። ሌላ ምንም አልተናገረችም። እኛም ዝም ብለን በላን።

ካሁን በኋላ ያለው አጭር ነው። በዓመቱ ሐጃ ልጇ ዘንድ ልትኖር ወደ መካ ሄደች፤ ከኔ ጋር ነው የምሄደው ብላ ይዛኝ ሄደች። ቤቱ ዛሂር ነው፣ የመካ ሙዚየም ያለበት የዛሂር ቤተ መንግሥት ያለበት ሰፈር። ከጂዳ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ባልዲዬን፣ ጎማዬን፣ ትንሹን ፓምፕ ጠቅልዬ ይዤ መጣሁ። መካ ደግሞ ከጂዳ ትብሳለች፣ እንደ እሳት ናት። "አሁን ስንት ጠርሙስ ልጨምር ነው?" ብዬ ተጨነቅሁ።

አንድ ቀን ማታ ያጠብኩትን የሊጥ ጨርቅ ባልዲው ላይ ረስቼው አደርኩ። ጠዋት ደርቆ እንጨት ሆኗል። ጂዳ ላይ ሦስት ቀን ያልደረቀው ጨርቅ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጂዳ ባሕር ዳር ናት፣ አየሯ በውኃ የጠገበ ነው፤ የጠገበ አይጠጣም። መካ ደረቅ ናት። ውኃ ከጨርቅ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ውኃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት አንድ ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። የወንድሜ ልጅ እንዳሰላልኝ፣ ጂዳ ላይ 36 ዲግሪ ሆኖ አየሩ 65 በመቶ እርጥብ ከሆነ፣ እርጥብ ጨርቅ ብትሞች ከ30 በታች አያወርድም። መካ 42 ሆኖ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ ግን እስከ 24 ይወርዳል። በሐጅ ጊዜ ሚና ድንኳኖች ውስጥ የሚሠሩት የበረሃ ሙከይፎች በዚሁ ጥበብ ነው የሚያቀዘቅዙት። ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባም በ1990ዎቹ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ፣ መሐሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ የገበሬውን አትክልት ከመበስበስ ያዳነው በዚህ ነው። እናቴ ጋኗን እርጥብ ጨርቅ ስታለብስ ተሳስታ አልነበረም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ የደረቅ ሀገር ዘዴ ባሕር ዳር ወስጄ።

ስለዚህ ዛሂር ላይ በረዶውን ተውኩት። ባልዲውን ወፍራም የጥጥ ፎጣ አለበስኩት፣ ከታች ሳፋ አደረግኩ፣ ፓምፑ ከሳፋው ውኃ እያነሳ ከላይ ፎጣው ላይ ያንጠባጥባል፣ አጠገቡ ትንሽ ፋን። ግን ትንሹ ፓምፕ እዚህ አልሆነልኝም። የቤቱ ባልዲ ከነመቀመጫው ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል፤ እሱ ደግሞ አንድ ሜትር ላይ ይቆማል። የፎጣው ብናኝም ስፖንጁን ደፈነው። ታዲያ ምን ገዛሁ? ያን ጂዳ ላይ የናቅሁትን ገጣስ! ለዚሁ ሥራ፣ ውኃ አንስቶ በእርጥብ ነገር ላይ ለማፍሰስ የተሠራ ነው። ቢሞቅም ግድ የለም፣ የሚበላው በረዶ የለም፤ ሙቀቱን አየሩ ይወስደዋል። ዓሚ በስልክ ስነግረው "ያኔ ብዬሽ አልነበረም?" አለኝ። እሱም እኔም ልክ ነበርን፣ ቦታችን ነው የተለያየው።

እንግዲህ "የቱን ልግዛ?" ለምትሉኝ መልሴ ይሄ ነው። ጂዳ ከሆንሽ፣ ሊጥሽም ብዙ ከሆነ፣ በረዶና ትንሽ ዋት። መካ፣ ጣኢፍ፣ መዲና ከሆንሽ ፎጣ፣ ፋንና ገጣስ። እርጥበቱን ካላወቅሽ ማታ እርጥብ ጨርቅ ጥላ ውስጥ ስቀዪ፤ ጠዋት ከደረቀ በረዶ አትፈልጊም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሶኬቱ ከውኃው ከፍ ይበል፤ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ይምጣ፣ ውኃ በገመዱ ቢወርድ ሶኬት ውስጥ ሳይሆን መሬት እንዲንጠባጠብ። እጅሽን ከመንከርሽ በፊት ንቀዪው። ፓምፑን በገመዱ አንጠልጥለሽ አታውጪ። ውኃ ሲያጣ ይቃጠላልና ሳፋውን ሳትሞዪ አትውጪ። በሳምንት አንዴ በሎሚ ውኃ እጠቢው። ለሰዎቹ ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ሳይጠይቁሽ በፊት አሳዪአቸው። "ዐጂን" በይ። "ኹብዝ" በይ። "ለሑሕ" ካወቁ ደግሞ ተገላገልሽ።

"በዚህ ቅሪቦም እንሥራበት" ያላችሁኝ አላችሁ። ቅሪቦ እወዳለሁ፣ ወሎዬ አይደለሁ? ግን ቅሪቦ ቶሎ ካልተጠጣ ይለወጣል። እርሾ የነካው ጣፋጭ መጠጥ በጎማ በተጠመጠመ ባልዲ ውስጥ ሲገኝ፣ ሐጃ ቀምሳ የምታድነኝ አይመስለኝም። ለሊጥ ብቻ ይሁን።

ልጅቷ አሁን ሀገሯ ገብታለች። ባለፈው ደውላ "ያ ባልዲሽ አለ?" አለችኝ። "አለ" አልኳት። "እዚህ ባቲም እኮ ይሞቃል፤ የቱን ፓምፕ ልግዛ?" አለችኝ። ባቲ ቆላ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። "ጨርቅሽን ስቀይና ጠዋት ደውዪልኝ" አልኳት።

በቸር ያገናኘን።